እጅ የጋገረው፣ መኪና የጋገረው
(ከላንቴ የተነሣ የዳቦ ታሪክ)

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ንጉሥ ነገሠ፣ ጦር ዘመተ፣ ዐዋጅ ወጣ የሚለውን ነው። ዱቄቱን ማን ፈጨው፣ ሊጡን ማን አቦካው፣ ዳቦውን በምን ጋገሩት የሚለው ነገር ከማጀት አልፎ ወደ መጽሐፍ የሚገባው አልፎ አልፎ ነው። ይሁን እንጂ ንጉሡም ሆነ ወታደሩ፣ ዐዋጅ ጸሐፊውም ጭምር፣ ሆዱን ባዶ አድርጎ የሠራው ታሪክ የለም። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ የዳቦን ታሪክ ከአንዲት ቦታ፣ ከላንቴ ተነሥተን ለመመልከት እንሞክራለን። ጥያቄአችን ይህ ነው፤ በእጅ የተጋገረ ዳቦና በመኪና የተጋገረ ዳቦ የሚለያዩት በጣዕም ብቻ ነው ወይስ ከጣዕሙ በስተጀርባ ሌላ ነገር አለ?

ለምን ላንቴ? ላንቴ በአባያ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የቆላ ቀበሌ ናት። በምዕራብ የጋሞ ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመውባታል፤ በምሥራቅ ሐይቁ ተዘርግቶላታል። ዛሬ ስሟ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው ሙዝ ነው። «ታዲያ የሙዝ አገር ስለ ዳቦ ምን አገባው?» የሚለን አንባቢ አይጠፋም። አገባው እንጂ! ወደፊት እንደምናየው ሙዙ ከዳቦው ጋር በሁለት ነገር ይገናኛል፤ አንዱ ቅጠሉ ነው፣ ሁለተኛው ገንዘቡ ነው።

1. ከተራራው የወረደ ማዕድ

ዛሬ በላንቴ ከሚኖረው ሕዝብ ብዙው ሥሩ ከደጋው ጋሞ ነው። ቆላው በወባ የሚፈራ አገር ነበር፤ የደጋ ሰው ለጥጥ፣ ለበቆሎና ለከብት ግጦሽ ይወርድበት እንደሆነ እንጂ ሊያድርበት አይወድም ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የወባ ማጥፊያ ሥራ በአገሪቱ ሲጀመር፣ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥም የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከጨንቻ ወርዶ አርባ ምንጭ ላይ ሲቆረቆር፣ የቆላው ዕጣ ተለወጠ። ሰዉ ወረደ። ሲወርድም ማዕዱን ይዞ ወረደ፤ ግን ሁሉን ይዞ መውረድ አልቻለም።

የደጋው ጋሞ «ዳቦ» ማለት ከሁሉ በፊት ቆጮ ነው። ቆጮ ከእህል አይደለም፤ ከእንሰት ነው። ግንዱ ይፋቃል፣ አሚቾው ይከተከታል፣ ጭማቂው ተጨምቆ ቡላው ይወጣል፣ የቀረው በቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ተቀብሮ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። ከዚያ ቃጫው በቢላዋ ተከትክቶ ይወጣና በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በምጣድ ላይ ይጋገራል፤ ከዳጣ ጋር ይበላል። ዶርዜ የሄደ መንገደኛ ሁሉ ይህን ቀምሶ ይመለሳል። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት ከ5 እስከ 6 ሰው ላለው ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ከ40 እስከ 60 እግር እንሰት ይበቃል ይላል። በኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ በእንሰት ይኖራል ሲባልም ከዚሁ የተነሣ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ እንሰት ያለው አገር ከሌለው ይልቅ መቋቋሙ የሚታወቅ ነው።

ነገር ግን እንሰት የሚወደው ደጋና ወይና ደጋ ነው። ላንቴ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ምድር ናት። ስለዚህ ከተራራ የወረደው ሰው እንሰቱን ከኋላው ትቶ ከበቆሎ ጋር መኖር ግድ ሆነበት። በቆሎ ቂጣ ይሆናል፤ ዱቄቱ ከሽፈራው ቅጠል ጋርም ይበስላል። ድፎ ዳቦ ግን በበቆሎ ብቻ አይሆንም። ምክንያቱም ሊጥ እንዲነፋ እርሾው የሚያወጣውን አየር አፍኖ የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል፤ ያ የሚለጠጥ ነገር ያለው በስንዴ ውስጥ ነው። ስንዴ ደግሞ እንደገና የደጋ ልጅ ነው። እንግዲህ የላንቴ ዳቦ ገና ከጥንስሱ ዓይኑ ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው ነበር ማለት ነው።

2. ቅጠሉ

የድፎ ዳቦ ነገር ሲነሣ ከዱቄቱ እኩል መነሣት ያለበት ቅጠሉ ነው። በሰሜኑ አገር ሰው በጓሮው ኮባ ይተክላል፤ የሚተክለው ግን ለመብል አይደለም፣ ለዳቦ ማንጠፊያ ነው። ኮባ የተባለውም ያው እንሰት ነው። በ1770ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎንደርን ያየው የስኮትላንዱ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እንሰት በዚያ አካባቢ ይበላ እንደነበር ጽፏል። እነሆ ከጊዜ ብዛት በሰሜን ምግቡ ቀርቶ ቅጠሉ ብቻ ቀረ። በደቡብ ቅጠሉም ምግቡም ኖሩ። በላንቴስ? በላንቴ ሁለቱም ጠፉና በቦታቸው የሥጋ ዘመዳቸው ገባ። ሙዝና እንሰት በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ስለዚህ እንሰት በሌለበት ቆላ የሙዝ ቅጠል ከምጣዱ ላይ ይነጠፋል፣ ሊጡም ይፈስስበታል፣ በላዩም ሌላ ቅጠል ይከደንበታል።

ቅጠሉ ጌጥ እንዳይመስለን። ሥራ አለው። ሊጡ ከሸክላው ጋር እንዳይጣበቅ ያደርጋል፣ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፣ እሳቱ በቀጥታ እንዳያገኘው ይጋርደዋል፣ ሽታውንም ይሰጠዋል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ከእስያ ሰዎች ሱቅ የቀዘቀዘ የሙዝ ቅጠል እየገዙ ድፏቸውን የሚጋግሩት ይህ ስለገባቸው ነው። ከላንቴ የተወለደች ልጅ ይህን ብትሰማ «ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው? እኛስ ከጓሮ ቆርጠን አይደል የምናመጣው!» ባለች ነበር።

ቅጠሉን ካነሣን ምጣዱን እንዴት እንረሳዋለን? በጋሞ ምድር ሸክላ የሚሠሩት ማና ተብለው የሚጠሩ ባለሙያዎች ናቸው። ጭቃውን ቆፍረው፣ ፈጭተው፣ አቡክተው፣ ተኩሰው ለአገሩ ሁሉ ምጣድና ድስት ይሠሩ ነበር። ኅብረተሰቡ ግን በምጣዳቸው ዳቦ እየጋገረ፣ ከእነርሱ ጋር አንድ ማዕድ ላይ አይቀመጥም ነበር። መሬትም አልነበራቸውም፤ ጋብቻም ተከልክሏቸው ኖረዋል። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ለሕግ ነገር መልስ ሰጠ፤ ለልብ ነገር ግን ዐዋጅ አይበቃም። ይህን የምናነሣው የዳቦ ታሪክ ጣፋጭ ብቻ ተደርጎ እንዳይነገር ነው። ዳቦው የተጋገረበት ሸክላ የተናቀ እጅ የሠራው ነበር።

3. ድንጋዩና ጉልበቱ

አሁን ወደ ዱቄቱ እንምጣ። በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት በዮርዳኖስ ምድር ከጥንት ምድጃ ውስጥ የተገኘ የቂጣ ፍርፋሪ 14,000 ዓመት ያለፈው መሆኑን አስታውቋል። ይህ እርሻ ከመጀመሩ 4,000 ዓመት ያህል በፊት ነው። ማለትም የሰው ልጅ ገና ሳያርስ፣ ከዱር የለቀመውን እህል ፈጭቶ ጋግሯል። በእኛም አገር ቢሆን የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው ምዕተ ዓመት እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ በወርቅ ገንዘባቸው ላይ ምስላቸውን በሁለት የእህል ዛላ አስከብበው አስቀርጸዋል። በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን የጎበኘው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ የስንዴያችንን ዓይነት ብዛት አይቶ ተደንቋል። ንጉሡ ዛላውን በወርቅ ላይ አስቀረጸው፤ ሊቁ ዘሩን በከረጢት ሰበሰበው። ዛላውን ዱቄት ያደረገችው ሴት ግን በወርቁም ላይ በከረጢቱም ላይ የለችም።

የሷ መሣሪያ ወፍጮና መጅ ነበር። ከበታች ጠፍጣፋው ድንጋይ፣ ከላይ በሁለት እጅ የሚያዘው መጅ። ተንበርክካ፣ ወገቧን እየሰበረች፣ ወደፊትና ወደኋላ ትገፋለች። ለአንድ ቀን የሚበቃ የቤተሰብ ዱቄት ለማግኘት ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ ሌሊት መነሣት ነበረባት፤ ጎሕ ሲቀድ የመጁ ድምፅ ከየጎጆው ይሰማ ነበር።

ይህም የገዛ ቤቷን ቀለብ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ የምኒልክ ጦር የጋሞን ደጋ ከያዘ በኋላ የገባር ሥርዓት ተተከለ። ገባሩ ለመልከኛው ግብር ይከፍላል፣ መሬቱን ያርሳል፣ ቤቱን ይሠራል፣ አጥሩን ያጥራል። ከነዚህ ግዳጆች አንዱ እህል መፍጨት ነበር። ይኸውም የሴቷ ዕዳ ነው። ለራሷ ልጆች የፈጨችበት ጉልበት ሳያርፍ ለመልከኛው ቤት ትፈጫለች። እንግዲህ «የጥንቱ የእጅ ዱቄት እንዴት ይጣፍጥ ነበር!» የሚል ሰው ሲያጋጥመን አንድ ጥያቄ እናቅርብለት። ለማን ነበር የሚጣፍጠው? ለበላው ነው ወይስ ለፈጨችው?

4. ሞተሩ ሲመጣ

ወደ ማጀት የቀረበው የመጀመሪያው መኪና መጋገሪያ አይደለም፤ ወፍጮ ነው። በናፍጣ የሚሠራው የወፍጮ ቤት በየገበያው፣ በየመንገዱ ዳር ተተከለ። በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ወፍጮ መትከል የልማት ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር የወጡት ተማሪዎች፣ የኛ ታላላቆች፣ ስለ መደብ ትግል ሊያስተምሩ ሄደው ነበር። አብዛኞቹ የከተማ ልጆች ነበሩና መጅ የሚገፋ ጉልበት በቅርብ ሲያዩ ለብዙዎቹ አዲስ ነገር ሳይሆን አልቀረም።

ስለ ወፍጮ ቤት አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ሴትን ከጉልበቷ ያነሣት እሱ ነው። ሰዓታት የፈጀው ሥራ በደቂቃ አለቀ። ይህን የሚክድ ሰው መጅ ገፍቶ አያውቅም። ግን ሒሳቡን ሁለቱን ወገን መጻፍ አለብን። አንደኛ፣ ዱቄት ከቤት ወጥቶ የገንዘብ ነገር ሆነ፤ ሳንቲም የሌላት አትፈጭም። ሁለተኛ፣ እህሉን በጀርባዋ አዝላ የምትሄደው እሷው ናት፤ ሞተሩ ሲበላሽ ወይም ናፍጣ ሲጠፋ ተሰልፋ የምትውለውም እሷው ናት። ሦስተኛ፣ በእጅ ሲፈጭ ሥራው የሴት ነበር፤ በሞተር ሲፈጭ ባለወፍጮውም ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰውም ባብዛኛው ወንድ ሆነ። ሥራው ሲቀልና ገንዘብ ሲያመጣ ጾታውን ለወጠ ማለት ነው። አራተኛ፣ ከመጁ ጋር የሚዜመው የሴቶች እንጉርጉሮ፣ ብሶትና ሽሙጥ የሚገለጽበት ያ ዜማ፣ ከመጁ ጋር ዝም አለ። ሞተር ባለበት አይዘፈንም፤ ቢዘፈንም አይሰማም።

5. ፉርኖና የሙዙ ገንዘብ

ሁለተኛው መኪና ጋጋሪው ነው። በከተማ የምንበላው ትንሹ ዳቦ ፉርኖ መባሉ ራሱ ታሪክ ይናገራል፤ ቃሉ በጣሊያንኛ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ማለት ከሆነው ቃል የመጣ ነው። ዳቦ ቤት ከከተማ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ መንገድ ዳር ወረደ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በሰኔ 2012 ዓ.ም. የተመረቀው የሸገር ዳቦ ፋብሪካ በሰዓት 80,000 ዳቦ እንዲያወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው። አንዲት እናት በአንድ ሌሊት አቡክታ ጧት የምታወጣውን አንድ ድፎ ከዚህ ቁጥር አጠገብ ስናስቀምጠው የዘመኑ ርቀት ይታየናል።

በላንቴ ይህ ለውጥ የመጣው በሙዙ በኩል ነው። ከደጋው የሚወርዱት እንደ ሃሬና ባሶ ያሉ ወንዞች የቆላውን እርሻ ያጠጣሉ። በዚህ ውኃ ቀድሞ በቆሎ፣ ስኳር ድንችና ጥጥ ይመረት ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ሙዙ እየገፋ ሁሉንም ያዘ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሙዝ ዓመቱን ሙሉ ይቆረጣል፣ አይሱዙው መንገድ ዳር መጥቶ ይጭናል፣ ገንዘቡ ወዲያው ይገኛል። ገበሬው በዚህ ገንዘብ ልጅ አስተማረ፣ ቆርቆሮ ቤት ሠራ። ማንም ይህን ሊነቅፍ አይችልም።

ነገር ግን በቆሎ የሚዘራው ሰው ዱቄቱ ከጓሮው ነበር። ሙዝ የሚሸጥ ሰው ግን ዱቄት ገዢ ነው። የላንቴ ማዕድ ከጓሮ ወጥቶ ገበያ ላይ ተቀመጠ። በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሩሲያ ዩክሬን ላይ ጦር ስትሰብቅ፣ አገራችን ከውጭ ከምታስመጣው ስንዴ ጥቂት የማይባለው ከነዚያ አገሮች ነበርና የስንዴ ዋጋ በዓለም ሁሉ ናረ። ዳቦ ቤት ዋጋ ቢጨምር ሰው ይጮኻል፤ ባይጨምር ዳቦው ይከሳል። ከጥቁር ባሕር ዳር የተተኮሰ መድፍ አባያ ዳር ያለውን ዳቦ አኮማተረው ብንል ቀልድ አይደለም። በእጅና በመኪና መካከል ያለው ልዩነት የጣዕም ብቻ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው። የቤት ዳቦ የሚጠይቀው የሴትን ጉልበት ነው፤ የመኪና ዳቦ የሚጠይቀው ደግሞ ገንዘብና የሩቅ አገር ሰላም ነው።

6. መኪና ከእጅ የተማረችበት ጊዜ

እዚህ ላይ ከሩቅ ምሥራቅ አንድ ታሪክ እናምጣ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የጃፓኑ ማትሱሺታ ኩባንያ በቤት ውስጥ ዳቦ አቡክቶ የሚጋግር መኪና ለመሥራት ተነሣ። መሐንዲሶቹ ደከሙ፤ ዳቦው ግን ከላይ እያረረ ከውስጥ ሊጥ እየሆነ አስቸገራቸው። እኛ «ዳቦው ሊጥ ሆነበት» የምንለው ተረት በጃፓን እውነት ሆነ ማለት ነው። በመጨረሻ ኢኩኮ ታናካ የተባለች የኩባንያው ባለሙያ አንድ ሐሳብ አመጣች። በኦሳካ ከተማ በዳቦው የታወቀ ኦሳካ ኢንተርናሽናል የሚባል ሆቴል ነበርና ከዚያ ዋና ጋጋሪ ዘንድ ገብታ እንደ ተለማማጅ ማቡካት ተማረች። ሰውየው ሊጡን ሲያቦካ እየጎተተ ያዞረው፣ ይጠመዝዘው ነበር። ይህን እሱ ራሱ በቃል ሊገልጸው አልቻለም፤ እጁ ያውቀዋል እንጂ አፉ አያውቀውም። ታናካ በእጇ ተማረችው፣ ከዚያም ለመሐንዲሶቹ በሚገባቸው ቋንቋ ነገረቻቸው። በመኪናው ሆድ ውስጥ ያንን መጠምዘዝ የሚያግዝ ልዩ ጎድን ተጨመረ። በ1987 እ.ኤ.አ. ለገበያ ወጣና እጅግ ተሸጠ።

ይህን ታሪክ የወደድነው አንድ ትልቅ ነገር ስለሚያስተምር ነው። መኪና የእጅ ጠላት አይደለችም፤ የእጅ ደቀ መዝሙር ናት። ደቀ መዝሙር እንድትሆን ግን መምህሩን የሚያከብር፣ ከመምህሩ እግር ሥር የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል።

እኛ ዘንድስ? ላንቴ ያለችው እናት ሊጡ ሲደርስ እንዴት ታውቃለች? እጇን ሲለቅ ነው። እርሾው መብሰሉን በሽታው ታውቃለች። እሳቱ መድረሱን ውኃ ረጭታ በድምፁ ታውቃለች። የሙዝ ቅጠሉን ሳይሰነጠቅ ለማንጠፍ እሳት ላይ ለብ አድርጋ ታለሰልሰዋለች። ይህ ሁሉ ዕውቀት ነው። ለምን ዕውቀት አይባልም? በላብራቶሪ ያለ ሰው ቢያደርገው ዲግሪ ይሰጠዋል፤ በማጀት ያለች ሴት ስታደርገው «ባለሙያ ናት» ተብሎ ይታለፋል። ሙያዋ የሚታወቀው እንግዳ ሲመጣ ነው፤ የሚረሳው እንግዳው ሲሄድ ነው።

ተስፋ የሚሰጥ ነገር ግን አለ። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ ተቋቁሞ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእንሰት መፋቂያና መጭመቂያ መሣሪያዎችን፣ የማብላላቱንም ዘዴ ለማሻሻል በደጋው ጋሞ ሠርተዋል። እንሰት ፋቂዋ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ ቅጠሉን ይዛ፣ በቀርከሃ ስትፍቅ የምትውልበት ሥቃይ እንዲቀንስ ማለት ነው። ይህ ትክክለኛው መንገድ ነው። ቆላውም፣ ማለትም ላንቴና ጎረቤቶቿ፣ እንዲህ ያለ ዓይን ያሻቸዋል። በበቆሎና በስንዴ ዱቄት መካከል ስንት ከስንት ሲደባለቅ ሊጡ ይነሣል? ከውጭ ስንዴ ላይ ያለብንን ጥገኝነት ምን ያህል ይቀንሳል? ማገዶ ቆጣቢ ሆኖ ከላይና ከታች እሳት የሚሰጥ፣ በሙዝ ቅጠል የሚሠራ መጋገሪያ እንዴት ይበጃል? እነዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚወጣባቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከወዲያም ከወዲህም የሚነገረውን ሁለት ቃል አንቀበልም። «መኪና መጣና ዳቦአችንን አበላሸው» የሚለውን አንቀበልም፤ ይህን የሚለው ሰው የጥንቱን ዳቦ ያስታውሳል፣ የጥንቷን ጋጋሪ ግን ረስቷታል። «የእጅ ሥራ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው፤ ይቅር» የሚለውንም አንቀበልም፤ ይህን የሚለው ሰው መኪናዋ ከየት እንደተማረች አያውቅም።

የኛ ሐሳብ ይህ ነው። ሸክሙ ይቅር፣ ዕውቀቱ አይቅር። መፍጨቱን ሞተር ይውሰደው፤ ሞተሩ ግን የሴቶች ማኅበርም ሊሆን ይችላል፣ የግድ የአንድ ባለገንዘብ መሆን የለበትም። ማቡካቱን መኪና ቢወስደውም ልኩን የምታውቀው እጅ ስሟ ተጽፎ፣ ድርሻዋ ተቆጥሮ ይሁን። የላንቴ ገበሬ ሙዙን ይሽጥ፤ ከማሳው ጥግ ግን ለገዛ ማዕዱ የሚሆን በቆሎ ማስቀረት ሞኝነት ተደርጎ አይታይ። ምጣዱን የሠራችው የሸክላ ባለሙያም ዳቦው ሲቆረስ ከማዕዱ ራስ ትቀመጥ።

ልጅ ሲወለድ ዳቦ ተቆርሶ ስም ይወጣለታል፤ የዳቦ ስም እንለዋለን። አገራችን ለሕፃን ሁሉ በዳቦ ስም ስታወጣ ኖራለች። ዳቦውን ለጋገረችው ግን እስከ ዛሬ ስም አላወጣችም። ብዕር የያዝን ሁሉ ይህን ዕዳ እንወቀው፤ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድም ዳቦውን ከመብላት አልፈን፣ ወረቀት ይዘን ምድጃው አጠገብ እንቀመጥ፤ ልኩን፣ ጊዜውን፣ ቃሉን ከእናቶቻችን አፍና እጅ እንጻፍ።